የከተማ ቦታ ይዞታ ሥርዓት በአዲስ አበባ፦ ከምኒልክ ደንብ እስከ ሊዝ አዋጅ፣ በቦሌ መድኃኔዓለምና በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል

በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ዙሪያ ባሉት መንገዶች በልዩ ልዩ ዘመን ሕግ የተያዙ ቦታዎች አጥር ለአጥር ተጎራብተው ይገኛሉ፤ በዘውዳዊው ሥርዓት መጨረሻ ተሠርቶ በ1967 ዓ.ም. የተወረሰና በመንግሥት እጅ ሆኖ የሚከራይ ቪላ፣ በደርግ ዘመን በነጻ በተሰጠ ቦታ ላይ የማኅበር አባላት የሠሩት መኖሪያ፣ በ1990ዎቹ ከውጭ አገር በተላከ ገንዘብ የተገነባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ በሊዝ ውል የቆመ ባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ሕንፃ። የእነዚህ ቦታዎች አፈር፣ የሚያልፍባቸው መንገድና ከአውሮፕላን ማረፊያው ያላቸው ርቀት ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ሳለ፣ ባለይዞታው ቦታውን ለመሸጥ፣ በባንክ መያዣ ለማስያዝ፣ ለልጁ ለማውረስ ወይም አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ያለው መብት እንደ ይዞታው ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህም ከቦታው የሚገኘው ሀብትና ያ ሀብት የሚውልበት ሥራ እንዲሁ ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዳግላስ ኖርዝ ተቋማት የሚላቸው የሰዎችን ግንኙነት የሚገዙትን ሕጎች፣ ልማዶችና የማስፈጸሚያ መንገዶች ሲሆን፣ በእነዚህ ደንቦች ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች ከተቋማቱ ለይቶ ያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንኑ ሽልማት የተጋሩት ዳሮን አሴሞግሉ፣ ሳይመን ጆንሰንና ጄምስ ሮቢንሰንም የአገሮች ብልጽግና ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ሥልጣን ያላቸው ሰዎች የሌላውን ንብረት እንዳሻቸው እንዳይነኩ ከሚገድቡ ተቋማት መኖርና አለመኖር መሆኑን ለማሳየት ረጅም ጊዜ ደክመዋል። የከተማ ቦታ ይዞታ ሥርዓት፣ ማለትም ቦታ ማን እንደሚይዝ፣ በምን ሰነድ እንደሚይዝ፣ ለማን ማስተላለፍ እንደሚችልና በምን ምክንያት እንደሚነጠቅ የሚወስነው የደንቦች ስብስብ፣ በዚህ ትርጉም የአዲስ አበባ ዋነኛው የኢኮኖሚ ተቋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመሬት አሰጣጧ የጦር ሰፈር አሰጣጥ ነበር፤ ንጉሥ ምኒልክ ለመኳንንቱ ሰፊ ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ፣ መኳንንቱም ወታደራቸውንና አገልጋያቸውን በዙሪያቸው ያሰፍራሉ፤ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈርና የመሳሰሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም ዳግማዊ ምኒልክ ያወጡት ደንብ የከተማ ቦታ እንዲመዘገብ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲወረስና በውጭ አገር ሰዎችም እንዲገዛ በመፍቀዱ፣ የከተማ መሬትን በገበያ ዋጋ የሚተመን ንብረት ያደረገ ሕግ ሆነ። በገጠሩ ርስት፣ ማለትም በትውልድ የሚገኝ የመሬት መብት፣ እና ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ላይ ግብር የመሰብሰብ ሹመት፣ ጎን ለጎን ጸንተው በኖሩበት አገር ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ደንቡ የገበያውን በር ሲከፍት የስጦታውን ምንጭ አልዘጋውም፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም መሬት በብዛት የሚገኘው ለአርበኛው፣ ለስደተኛውና ለባለሥልጣኑ ከዙፋኑ በሚቸር ችሮታ ነበር።

የዚህ ውጤት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጎልቶ ታየ። በዘመኑ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአዲስ አበባ መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሁለት ሺህ በማይበልጡ ባለርስቶች እጅ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። የዛሬው ቦሌ ያን ጊዜ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱት ሜዳና የግጦሽ መሬት ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. በቦይንግ 720 አውሮፕላኖች የጄት በረራ ሲጀምር፣ ለጄት የማይበቃው የልደታ ማረፊያ ተትቶ በምሥራቁ ሜዳ ላይ የተሠራው አዲሱ ማረፊያ የአካባቢውን ዕጣ ለወጠው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ የተዘረጋው ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኙን ለቪላ ሠሪዎች ከፈተ። የቦታው ዋጋ ያደገው መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ በሠራው መንገድና ማረፊያ ቢሆንም፣ ትርፉን ያገኘው ቀድሞ መሬት የተሰጠው ሰው ነበር፤ አራሹ ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ይህ ሒሳብ በኋላ በተከተሉት ሥርዓቶችም ሳይታረም ቆይቷልና በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ ያለ ካሳ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ በሕዝቡ አጠራር ‹‹ትርፍ ቤት›› የተባለውን ወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ቤት ማከራየትን ለመንግሥት ብቻ ተወ፤ እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸውን ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። በቦሌ የነበሩት ቪላዎች በአብዛኛው የሁለተኛው ዓይነት በመሆናቸው፣ አካባቢው የኤምባሲዎች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የመንግሥት ሹማምንት መኖሪያ ሆኖ ቀጠለ፤ የእነዚህ ቤቶች አስተዳደር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሥር ይገኛል።

አዋጁ ለተከራዩ ድሃ ያመጣው እፎይታ እውነተኛ ነበር፤ ከጭሰኛነት የተላቀቀው ገበሬ ለየካቲቱ የገጠር መሬት አዋጅ የነበረውን ስሜት የከተማው ጎጆ ተከራይም ለሐምሌው አዋጅ ነበረው፤ ይህንን የሚያቃልል የታሪክ ጽሑፍ ሚዛን የለውም። ይሁን እንጂ ኪራዩ በዚያው በጥቂት ብር ላይ ለዓሥርተ ዓመታት በመቆሙ፣ ቀበሌው የሚሰበስበው ገንዘብ ጣሪያ ለማደስ አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አላገኘም። የግል ገንዘብ የሚከራይ ቤት ከመሥራት ሲሸሽ፣ መንግሥት ደግሞ የሸሸውን የሚተካ አቅም አልነበረውም። በዚያው ዘመን የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቦ ስለነበር፣ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ፋብሪካም ሆነ ወደ ቤት ሥራ ሊያዞረው አልቻለም። ከተማዋ በሕዝብ ብዛት ስትጨምር ቤቶቿ አረጁ፤ ያለ ፈቃድ በሌሊት የሚሠራው ‹‹የጨረቃ ቤት›› የተስፋፋውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከዚህ አጠቃላይ ሁኔታ የተለየው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወይም በሙያ የሚገናኙ ሰዎች ተደራጅተው በነጻ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ይበደራሉ፤ ቤታቸውን በተፈቀደው ፕላን መሠረት ይሠራሉ። ከቦሌ እስከ ገርጂና ኮተቤ ድረስ ባሉት ሰፈሮች የሚታዩት ተመሳሳይ መልክ ያላቸው የመኖሪያ መደዳዎች ብዙዎቹ የዚህ አሠራር ውጤት ናቸው። የመሬት ባለቤት መንግሥት በሆነበት፣ ለግል ንብረት በጎ አመለካከት ባልነበረበት ዘመን፣ መምህራን፣ የአየር መንገድ ሠራተኞችና የባንክ ጸሐፊዎች የቆጠቡትን ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ማፍሰሳቸው ሊጤን የሚገባው ነገር ነው። ሰዎቹን ያደፋፈራቸው የመሬቱ ባለቤትነት አልነበረም፤ ግዴታቸው በግልጽ ተለክቶ፣ ወለዱ ታውቆ፣ ካርታው፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ ሰነዱ፣ በስማቸው እንደሚወጣ ማወቃቸው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅና የካፒታል ገደቡ ሲነሳ፣ ለገበያ የሚሠራ ቤት እንደገና ሕጋዊ ሆነ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ብዙ ሳይቆይ ወደቀ።

በ1983 ዓ.ም. የመጣው መንግሥት መሬትን ለግል አልመለሰም። ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓትን መሠረተ፤ ሊዝ ማለት ባለይዞታው ቦታውን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት በዋጋ የሚያገኝበት ውል ነው። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ሲደነግግ፣ በመሬቱ ላይ ለተሠራው ሕንፃ ግን ለሠሪው ሙሉ የባለቤትነት መብት ሰጠ። የሊዝ ሥርዓቱ በመመሥረቱ ሁለት ዓይነት ይዞታ ተፈጠረ፤ ከሊዝ በፊት የተያዘውና ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ብቻ የሚከፈልበት ‹‹ነባር ይዞታ››፣ እና በዘመንና በዋጋ የተወሰነው ‹‹የሊዝ ይዞታ››።

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ዛሬ የሚታየው ከተማ በአብዛኛው የተሠራው በዚህ የሁለትዮሽ ሥርዓት የመጀመሪያ ሁለት ዓሥርተ ዓመታት ነው። የቀለበት መንገዱ መሠራት፣ በ1995 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የመንገደኞች ተርሚናል፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በኢንቨስትመንትና በንብረት ረገድ እንደ ዜጋ እንዲታዩ የፈቀደው የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 እና ቦታ በጨረታም በድርድርም እንዲሰጥ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 272/1994 ተደማምረው፣ ከአትላስ እስከ ካሜሩን ጎዳና፣ ከኤድና ሞል እስከ ሃያ ሁለት ድረስ ቪላዎች ፈርሰው ሆቴል፣ ሞልና የቢሮ ሕንፃ እንዲቆም አደረጉ። ነገር ግን ‹‹በድርድር›› መስጠት ማለት ዋጋው በባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ማለት ነበር። በጨረታ የሚጠየቀውና በድርድር የሚከፈለው ሲራራቁ፣ በመካከል ያለው ልዩነት ለቢሮው ቅርብ የሆነ ሰው ትርፍ ሆነ፤ ትጋት የሚጠይቀው ሥራም ከማምረት ይልቅ ፈቃድ ማግኘት ሆነ።

ኅዳር 18 ቀን 2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ይህን ለማረም ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ድርድርን ሰርዞ ጨረታንና በሕግ የተዘረዘረ ምደባን ብቻ አስቀረ፤ በአዲስ አበባ ለመኖሪያ 99፣ ለንግድ 60 ዓመት ወሰነ፤ የጨረታ አሸናፊው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ቅድሚያ እንዲከፍል አዘዘ፤ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሽያጭም ሆነ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ። ቦታ ይዞ ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅን ለመከላከልም፣ ግንባታውን ሳይጀምር ወይም ከግማሽ ሳያደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ እንዲያገኝ፣ ቀሪው ለመንግሥት እንዲገባ አደረገ። በዚህ ሕግ ግማሽ ግንባታ የሚባለው ለቪላ መሠረቱ፣ ቋሚዎቹና የላይኛው ማሠሪያ ሲያልቁ፣ ለባለ ፎቅ ደግሞ ከወለሎቹ ግማሹ ሲሞላ ነው። በቦሌና በአያት መስመር በባሕር ዛፍ እንጨት እንደተደገፉ ለዓመታት የቆሙት የኮንክሪት አጽሞች አንዳንዶቹ የሲሚንቶ መወደድ፣ የብረት እጥረትና የብድር መታገድ ውጤቶች ቢሆኑም፣ ሕጉ ግማሽ ለደረሰ ግንባታ የመሸጫና የመግዣ በር መክፈቱም በዚያ ደረጃ ላይ መቆምን የሚያበረታታ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ጥልቅ ውጤት ያለው ግን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ድንጋጌ ነው፤ ባለሊዙ የሊዝ መብቱን በመያዣነት ማስያዝ የሚችለው እስከዚያ ቀን በከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። አንድ ሰው በስድሳ ዓመት ውል ውድ ቦታ ወስዶ 10 በመቶውን ከፍሎ ወደ ባንክ ቢሄድ፣ ቦታው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን ለብድር የሚታሰብለት የከፈለው ብቻ ነው። ስለዚህ መያዣ የሚሆነው ሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ለመሥራት ደግሞ ቀድሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ባንኮች ለረጅም ጊዜ ያበደሩት በዋናነት የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ሰው በመሆኑ፣ ነባር ይዞታ ወይም ያለቀ ሕንፃ የያዘ ነጋዴ ሁለተኛውን ሕንፃ ለመሥራት ሲበደር፣ ማሽንና ሙያ ብቻ ያለው አምራች ከበሩ ይመለሳል። ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የወጣው ይህ አሠራር ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። የባንክ ቁጠባ ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች በሆነበትና የውጭ ምንዛሪ እንደልብ ባልተገኘበት ዘመን፣ ትርፉን ወደ ኮንክሪት የለወጠ ነጋዴ ስግብግብ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ ደንቦቹ ከፊቱ ካስቀመጡለት አማራጮች መካከል ጤናማውን መርጧል። በዚህ ላይ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ላይ ተመሥርቶ ለረጅም ዘመን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱ፣ ባዶ ቦታ አጥሮ ማስቀመጥን ወጪ የሌለው ሥራ አድርጎታል፤ ከተማው ተመኑን በ2015 ዓ.ም. ከፍ ያደረገው፣ የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ነው።

መሬት የመንግሥት መሆኑ በራሱ የድህነት ምክንያት አለመሆኑን ለማየት ወደ ምሥራቅ እስያ መመልከት ይበቃል። በሆንግ ኮንግ መሬት በሊዝ የሚያዝ ሲሆን፣ ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ አብዛኛውን መሬቷን በመንግሥት እጅ አድርጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ አማካይነት ብዙውን ሕዝቧን የቤት ባለቤት አድርጋለች። በሁለቱም ከተሞች የሊዝ ውል ያለው ሰው መንግሥትን በፍርድ ቤት ሊሞግተው ይችላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን፣ ቦታው ሲወሰድ ምን እንደሚከፈለው ያውቃል። በአዲስ አበባ ግን ከምኒልክ ችሮታ እስከ ቀበሌ ዝውውር፣ ከድርድር እስከ ምደባ፣ መብቱ በአስተዳደር ውሳኔ የተገኘ በመሆኑ በአስተዳደር ውሳኔ ሊነሳ የሚችል ሆኖ ኖሯል፤ ባለቤቱ ተለወጠ፣ ሰጪውን የሚያስር ደንብ ግን አልጸናም። የይዞታ ወሰን በመረጃ ተረጋግጦ እንዲመዘገብና መዝገቡ በሕግ ፊት ማስረጃ እንዲሆን የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይህን ለማጽናት የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ከሌሎቹ አዋጆች ሁሉ ያነሰ ጩኸት ያለው፣ ነገር ግን የበለጠ ተስፋ የሚጣልበት ነው።

የዚህ ሁሉ ሌላው ገጽ የሚታየው ከመድኃኔዓለም ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ወይም ኮንዶሚኒየም፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕጋዊ መልክ ይዞ ወደ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቡልቡላ ተስፋፋ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ፣ ከደመወዙ እየቀነሰ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መቆጠብ ጀመረ። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ባለሥልጣን ማግባባትን የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ከዝምድናና ከጉቦ የራቀ የማከፋፈያ መንገድ ተደርጎ ታየ። በእርግጥም ለብዙ ሺህ የመንግሥት ሠራተኛና አነስተኛ ነጋዴ ቤተሰብ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ካርታ ያስጨበጠው ይኸው ፕሮግራም ነው።

ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ግን ባዶ አልነበረም። ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል፣ የኦሮሞ ገበሬዎች ይዞታ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው ማፈናቀያ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ዓሥር እጥፍ ነበር፤ ስሌቱ የተሠራው ከእህሉ ገቢ እንጂ መሬቱ የከተማ ቦታ ሲሆን ከሚያወጣው ዋጋ አልነበረም። ያው መሬት በከተማ ፕላን ውስጥ ገብቶ በጨረታ ሲወጣ በካሬ ሜትር የሚያስገኘው ሊዝ ከዚያ ካሳ ጋር ሊወዳደር የማይችል ነበር፤ ልዩነቱ ለከተማው መንገድና ቤት ገንዘብ ሆነ፤ ካሳውን የተቀበለው ገበሬ ደግሞ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በቀድሞ ማሳው ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ወይም ተሸካሚ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ፣ በ2008 ዓ.ም. ፕላኑ እስኪሰረዝና ከዚያም በኋላ የዘለቀው፣ ብዙ ሕይወት የጠፋበትና የመንግሥትን አመራር እስከመለወጥ የደረሰው ቁጣ፣ ከዚህ የካሳ ስሌት ተለይቶ ሊታይ አይችልም። መሬት ርካሽ ሆኖ የተወሰደበት ደንብ የከተማዋን ዕድገት ያፋጠነውን ያህል፣ የዕድገቱን ሰላም አሳጥቶታል።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ ዓሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ እንዲወሰድ ወስኗል፤ ከዚህም በላይ ለልማት በሚከለል አካባቢ ያለ ባለይዞታ አቅም ካለው በራሱ ወይም ተደራጅቶ በፕላኑ መሠረት ቦታውን ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ ደንግጓል። ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ገበሬም፣ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት አጥሩን ወደ ኋላ የሳበው የቦሌ ጎዳና ባለይዞታም በዚህ አንቀጽ ላይ እኩል ጉዳይ አላቸው፤ ገበሬው ማሳውን ሰጥቶ የሊዝ ተካፋይ እንዲሆን፣ ነጋዴውም ነገ በሚቆም ሕንፃ ላይ ዛሬ ገንዘቡን እንዲያፈስ የሚያደርገው አንቀጹ በወረዳው ጽሕፈት ቤት እንደተጻፈው ሲፈጸም ነው።